የእትዬ ሃያ አንድ ቀን አቆጣጠር

ያን ዝናብ ያየ ሰው ዛሬም ሲያወራው ስለ ብርዱ አይጀምርም፤ ስለ ሙቀቱ ነው። ዝናቡ ያለ ወቅቱ ገብቶ፣ የታጠበ ልብስ ለሦስተኛ ቀን እንደረጠበ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ፣ የሀብታሙም የድሃውም ጫማ ጭቃ ለብሶ አንድ መልክ ይዞ ሳለ፣ በዚያ ሰፈር አንድ ደረቅና ሞቃት ቦታ ነበር፤ የጫጩት ማስፈልፈያው የማሽን ክፍል። በሩ ሲከፈት ሙቀቱ ጉንጭ ላይ ያርፋል። ሽታው የላባ ነው፣ የካርቶን ነው፣ ትንሽም የመድኃኒት ነው። ሰው ሁሉ ሰበብ እየፈለገ ይመጣ ነበር። ሾፌሩ "ቁልፌን እዚህ ረስቼ ይሆን?" ይላል፣ ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ። የሽያጯ ልጅ "እስክሪብቶ አላችሁ?" ትላለች፣ ጆሮዋ ላይ አንድ ሰክታ። ሥራ አስኪያጁ ራሱ "ቁጥጥር ነው" ብሎ ይገባና ጀርባውን ለማሽኑ ሰጥቶ፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ይቆማል።

የክፍሉ እመቤት አንዲት ሴት ነበረች። አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ሻሿን ግንባሯ ድረስ አውርዳ የምታስር፣ ስትራመድ አንድ ነገር ያመለጣት የምትመስል። ስሟ በሠራተኞች ዝርዝር ላይ አለ፤ በስሟ የጠራት ግን አልነበረም። እንቁላል ማሽን ከገባ በሃያ አንደኛው ቀን ይፈለፈላል። ያ ቁጥር ከአፏ ስለማይጠፋ ትንሹም ትልቁም እትዬ ሃያ አንድ ይላት ነበር።

አስራ ዘጠኝ ዓመት እዚያ ክፍል ሠርታለች። ስድስቱ ማሽኖች እንደ ቁም ሳጥን ግድግዳውን ይዘው ቆመዋል። በየበራቸው ላይ በጠመኔ "ሰኞ የገባ"፣ "ረቡዕ የገባ"፣ "ዓርብ የገባ" ብላ ትጽፋለች፤ ከሥሩ በየጠዋቱ አንድ ጭረት ትጨምራለች። በቃ። በዚያ ክፍል ቀኑ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቀን ማለት የእንቁላሉ ዕድሜ ነው። "ሰባቶቹን በመብራት አየሻቸው?" "አስራ ስምንቶቹ ዛሬ ቦታ ይቀይራሉ" ይባባላሉ፤ ለሰሚው የጎረቤት ልጆችን የሚያሙ ነው የሚመስለው። ሰኞ የገባ ሰኞ ይፈለፈላል፤ ዓርብ የገባ ዓርብ። ልክ ሦስት ሳምንት።

ከሁሉም የምትወደው ሃያኛውን ቀን ነው። ያን ቀን ጆሮዋን የማሽኑ በር ላይ ለጥፋ ትቆማለች። ገና ቅርፊቱ ሳይሰነጠቅ፣ ከውስጥ አንዲት ቀጭን ድምፅ "ጭው" ትላለች፤ ቀጥሎ ሌላዋ ትመልስላታለች። በዚያች ሰዓት ማንም ቢጠራት አትሰማም። ጉልበቷን የሚያማት ሴትዮ ነበረችና ሙቀቱም መድኃኒቷ ነው፤ ነገር ግን ለሙቀቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምድጃ አጠገብም ሙቀት አለ።

ቤቷ ከማስፈልፈያው ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ከታናሽ እህቷ የልብስ ስፌት ክፍል ጀርባ ያሉ ሁለት ክፍሎች። እህትዮዋ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ መርፌ ከንፈሯ መሃል ይዛም ወሬ አታቆምም።

"የእኔን ልደት አንድ ቀን አስታውሰሽ አታውቂም፤ የእንቁላሉን ግን በሰዓቱ ታውቂያለሽ" ትላታለች።

"አንቺ አንዴ ተወልደሽ ዝም አልሽ። እነሱ በሳምንት ሦስቴ ነው የሚወለዱት። ማንን ላስታውስ?"

ኮምፒዩተሩ የመጣው በሦስተኛው ወር ማለቂያ ላይ ነው። አብሮት የመጣው ሰው ቀጭን፣ ረጅም፣ ከየኪሱ ገመድ የሚንጠለጠል ነበርና በሁለተኛው ቀን ሽቦ የሚል ስም ወጣለት። ሰውዬው ክፋት የለውም። ሥራ አስኪያጁን ፊቱ አስቀምጦ ጥያቄ ደረደረለት፤ ፊደሉ ምን ያህል ይተልቅ፣ ማን ምን ይይ፣ ማን ምን አይይ። አንዱ ጥያቄ "ቀን በምን መልክ ይታይ?" የሚል ነበር። ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ረፍዶበት አንድ እግሩ በር ላይ ነው።

"እንደመጣ ተወው" አለ። "የሠሩት ሰዎች ያውቁበታል።"

እንደመጣ ማለት ወሩ ይቀድማል፣ ቀኑ ይከተላል ማለት ነበር። ሽቦ እንደታዘዘው ተወው። እሱም ለማንም አልተናገረም፤ ማንም ሰውም አልጠየቀው። እንዲህ ሆኖ ማንም ያልመረጠው ነገር ለሁሉም ተመረጠ።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ እርጥብ ጨርቅ ይዞ መጥቶ የስድስቱን ማሽኖች በር በገዛ እጁ ጠረገ።

"ከእንግዲህ ጠመኔ የለም፣ እትዬ። በየጠዋቱ ስክሪኑ 'ዛሬ የሚገባ' ብሎ ይነግርዎታል። እርስዎ ያለውን ማድረግ ብቻ ነው። አይጠይቁ፤ አይቁጠሩ፤ ይረፉ።" ከዚያ በሩን ሲወጣ ዞር ብሎ፣ "እንዲያውም ሥራው ከቀለለ በዋናው በር ላይ የሚቀመጥ ሰው እንፈልጋለን። ወንበር ይኖረዋል። ጃንጥላም እናስተክልበታለን" አለ።

ጃንጥላ! እትዬ ሃያ አንድ ያን ቀን ምሳዋን ሳትቀምስ መለሰችው። ዋናው በር ነፋስ በአራት አቅጣጫ የሚገናኝበት ቦታ ነው፤ ከዚያ የሚሰማው ደግሞ የመኪና ጥሩንባ ብቻ ነው። ለእህቷም "ከዚያ ክፍል ካወጡኝ ቆሜ የምሄድ እንዳይመስልሽ" አለቻት። እህትዮዋም መርፌውን ከከንፈሯ አውጥታ አየቻት።

ስለዚህ አንገቷን ደፍታ የታዘዘችውን ማድረግ ያዘች። በአራተኛው ወር አጋማሽ፣ በአንድ ዓርብ ጠዋት፣ ስክሪኑ አንድ ሺህ አራት መቶ እንቁላል አስገቢ አላት። አስገባች። የማን እንደሆነ መጠየቅ አሰኝቷት ነበር፤ ዋናው በር ትዝ ሲላት ጥያቄዋን ዋጠችው። በአፏ ዝም ብትልም በሆዷ ቀን መቁጠሯን ግን አልተወችም፤ እሱን ማንም በጨርቅ ሊጠርገው አይችልም።

ሰባቶች ሆኑ፤ ውስጣቸውን በመብራት አየቻቸው፤ ደህና ናቸው። አስራ ስምንቶች ሲሆኑ ማክሰኞ ዋለ። ወደ መፈልፈያው ሳጥን እያዘዋወረቻቸው ሳለ የጫጩት ካርቶን በመተላለፊያው ላይ አለመከመሩን አስተዋለች። ሁልጊዜ ሦስት ቀን ሲቀረው ካርቶን ይመጣል። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ሽያጭ ክፍል ሄደች።

የሽያጯ ልጅ ማስቲካዋን እያጮኸች ስልክ ታወራለች። ስልኩን እስክትዘጋ ጠብቃ፣

"እቴ፣ የፊታችን ዓርብ የሚፈለፈሉት የማን ናቸው? ካርቶን እኮ አልመጣም።"

"ዓርብ? ዓርብ የሚመጣ ሰው የለም፣ እትዬ።"

"ምን ማለትሽ ነው? አንድ ሺህ አራት መቶ እንቁላል አስራ ስምንት ቀን አቅፌ፣ የሚመጣ የለም?"

ልጅቷ ማስቲካዋን ቀጥ አድርጋ ስክሪኗን ታገላብጥ ጀመር። የተገኘው የመምህሩ ትእዛዝ ነው፤ መምህሩ የሚባሉት ጡረታ ከወጡ በኋላ ዶሮ እርባታ ለመጀመር የተነሱ ሰውዬ ናቸው። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ጫጩት፣ 05/06።

"ይኸው! በአምስተኛው ቀን፣ በስድስተኛው ወር። ገና አንድ ወር ይቀረዋል እኮ!"

እትዬ ሃያ አንድ መነፅሯን አፍንጫዋ ላይ አውርዳ አየች። የማሽን ክፍሉም ስክሪን ላይ ያለው ይኸው ነው፣ 05/06። አንድ ቁጥር፣ ሁለት ክፍል። ሽቦ ተጠራ። ከአንድ ጠረጴዛ ሥር ወጥቶ አቧራውን እያራገፈ መጣና ተመለከተ።

"ኮምፒዩተሩ ልክ ነው" አለ። "ወር ነው የሚቀድመው። አምስተኛው ወር፣ ስድስተኛ ቀን። ዓርብ ማለት ነው።"

"ወር ይቀድማል ያለው ማን ነው?"

"ማንም አላለም። እንደመጣ ነው።"

የሽያጯ ልጅ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። "ውይ በሞትኩት! እኔ እኮ ጠባዩ መስሎኝ ነው! አስራ አምስት፣ ሃያ ብዬ ስጀምርለት ቀይ ያበራብኛል፤ ስገለብጥለት ይስማማል። የመምህሩን አምስት ብዬ ስጀምርለት ግን እንደጻፍኩት ተቀበለኝ። ዛሬ ደስ ብሎታል አልኩ!"

"የማንን ጠባይ?"

"የኮምፒዩተሩን ነዋ! ሥራ አስኪያጁስ ጠባይ አላቸው አይደል? ሲከፋቸው ወረቀት ይመልሳሉ፣ ሲደሰቱ ይፈርማሉ። እኔ በምን ልለየው?"

ኮምፒዩተሩ ከአስራ ሁለት በላይ ወር ስለማያውቅ፣ እስከዚያ ቀን የመጡት ሌሎች ትእዛዞች ደግሞ እንዳጋጣሚ ሁሉም ከአስራ ሁለተኛው ቀን በኋላ ስለነበሩ ጉዱ ሳይታወቅ ቆይቷል። ማንም አልሳቀም፤ ሽቦ ብቻ ለመሳቅ ጀምሮ የሴትዮዋን ፊት ሲያይ አፉን ዘጋ።

ወሬው ሥራ አስኪያጁ ጋ ለመድረስ አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም።

"ማን ነው ማሽን ውስጥ ያስገባው?" አለ።

"እኔ ነኝ" አለች።

"አስራ ዘጠኝ ዓመት የሠራ ሰው የማን ነው ብሎ እንዴት አይጠይቅም?"

"ድሮ እጠይቅ ነበር። አይጠይቁ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።"

ሥራ አስኪያጁ ክራቫቱን አስተካከለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ፍርዱን ሰጠ። ጫጩቶቹ ዓርብ የሚረከባቸው ካላገኙ ጥፋቱ የማሽን ክፍሉ ነው፤ እሷም ከሰኞ ጀምሮ ዋናው በር ላይ ትሆናለች።

"እስከ ዓርብ ግን የእኔ ናቸው" አለችና ወጣች።

እንቁላል ቆይ አይባልም። ኮምፒዩተር ይገለበጣል፣ ወረቀት ይቀደዳል፣ ስብሰባ ይተላለፋል፤ አስራ ስምንት ቀን የሞላው እንቁላል ግን ማንንም አይሰማም። የሽያጯ ልጅ ጸጸቱ ይዟት ማክሰኞን ሙሉ ደንበኛ ሁሉ ጋ ደወለች። በዚያ ዝናብ ያልተዘጋጀበትን ጫጩት የሚረከብ ሰው ከየት ይምጣ? አንዱም እሺ አላለም። መምህሩ ደግሞ በስልክ "የዶሮ ቤቱ ገና ጣሪያ የለውም" ብለው ዘግተዋል።

ረቡዕ ማለዳ እትዬ ሃያ አንድ ሾፌሩን ከነሻዩ አስነሳችው።

"ወዴት ነው?"

"መምህሩ ቤት።"

"አይሆንም ብለው የለም እንዴ?"

"በስልክ ነዋ። ፊቴን አይተው ይበሉኝ።"

ፒክአፗ ጭቃውን እየዋኘች ደረሰች። መምህሩ እውነታቸውን ነበር። የዶሮ ቤቱ አራት ግድግዳ ቆሟል፤ ጣሪያው ሰማይ ነው፤ ወለሉ ላይ የቆመው ውሃ ዳክዬ ያዋኛል። ሰውዬው በጃንጥላ ሥር ቆመው ጠበቋት።

"እኔ ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ለአንድ ተማሪ ቀን አላራዘምኩም" አሉ። "ለማንም ግን አንድ ወር አሳጥሬ አላውቅም! ይኼ ግፍ ነው።"

"ልክ ነዎት፣ ጋሼ። ጥፋቱ የእኛ ነው። ግን የት እናድርጋቸው?"

"የት እንደምታደርጊያቸው እኔ ላውቅልሽ?"

እትዬ ሃያ አንድ ዓይኗን በመኖሪያ ቤታቸው ላይ አሳረፈች። መስኮቱ ደህና ነው፣ ጣሪያው አያፈስም፣ በሩ ገርበብ ብሏል። ሳሎኑን በእርምጃዋ ለካችው፤ ሳይጋብዟት ገብታ። ስድስት እርምጃ በስምንት። በእሷ አጭር እርምጃ እንኳ ይበቃል።

"ለሁለት ሳምንት ብቻ" አለች። "አምፖሉን እኛ እናመጣለን። ሰጋቱራው ከአናጺው ይመጣል። ጫጩት የመጀመሪያ ሳምንቱን የሚፈልገው ደረቅና ሙቅ ቦታ ነው። ከዚህ የተሻለ ቦታ በዚህ ሁሉ ዝናብ የት አለ?"

"ሳሎኔ ውስጥ? ሶፋው የት ሊሄድ?"

እስከዚያ ድረስ ከጓዳ ሆነው ሲሰሙ የነበሩት ባለቤታቸው እጃቸውን እያደራረቁ ብቅ አሉ።

"ሶፋው የት ይሄዳል አልክ? ያ ብረቱ የሚወጋው ሶፋ? አስራ ሁለት ዓመት አውጣልኝ ብዬ ስለምንህ አልሰማህም። እህቴ፣ ዛሬውኑ ታወጪልኛለሽ?"

"አሁን፣ እመቤቴ። ሾፌሩ አለ።"

"በይ እንግዲያው ጫጩቶቹ እንግዶቼ ናቸው።"

መምህሩ አንዴ ሚስታቸውን አንዴ ሶፋውን አዩ። "ውሳኔው በአብላጫ ድምፅ ተላልፏል ማለት ነው" ብለው ጃንጥላቸውን አጠፉ። ሾፌሩ የሶፋውን አንድ ጫፍ፣ እሳቸው ሌላውን ይዘው በዝናቡ ውስጥ ሲያወጡት፣ ሚስታቸው ከኋላ ሆነው እልል ማለት ነው የቀራቸው።

ሐሙስ ሃያዎች ሆኑ። እትዬ ሃያ አንድ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች። "ጭው" አለች አንዷ። የዚያን ቀን ግን ደስታዋ ሙሉ አልነበረም፤ ይህን ድምፅ ለመጨረሻ ጊዜ የምሰማው ይሆን እያለች ነበር የምታዳምጠው። ሽቦ ገመድ ሊያስተካክል ገብቶ አያት።

"ምን ይሰማል?"

"ና፣ አንተው አድምጥ።"

ያን ረጅም ቁመቱን አጥፎ ጆሮውን አስጠጋ። ከቆይታ በኋላ ቅንድቡ ወደ ላይ ወጣ። "እርስ በርስ ይጠራራሉ እንዴ?"

"ምን መሰለህ? አንዱ ሲነሳ ሌላውን ይቀሰቅሳል። ቀናቸውን የሚያውቁት እንዲህ ነው።"

ዓርብ አንድ ሺህ አንድ መቶ ሰማንያ ስድስት ጫጩት ወጣ። ካርቶኑ ፒክአፏን ሞልቶ አራቱ ተረፈ፤ ከፊት ወንበር የሚይዛቸው ሰው ጠፋ። "አንተ ና" አለችው ሽቦን። "አንድ ጊዜ እንኳ ያስገባኸውን ነገር ተሸከመው።" ሰውዬው አራት ካርቶን ጉልበቱ ላይ ቆልሎ፣ አንዲት ከካርቶን ያመለጠች ጫጩት የሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ጨምሮ፣ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ትንፋሹን እየያዘ ተጓዘ። የመምህሩ ሚስት ሳሎኑን በሰጋቱራ አልብሰው፣ አምፖሎቹን አብርተው፣ በር ላይ ቆመው ነበር። ጫጩቶቹ ሲፈቱ ቢጫው ከግድግዳ ግድግዳ ፈሰሰ። መምህሩ ጫማቸውን አውልቀው ጥግ ላይ በርጩማ አኖሩና ተቀመጡ፤ "ክፍሉ ሞልቷል" አሉ፣ ድሮ እንደለመዱት።

ሲመለሱ ሽቦ በመንገድ ላይ ጠየቃት።

"እትዬ፣ አንቺ ብትሆኚ ቀኑ በምን መልክ ይታይ ትያለሽ?"

"እስከ ዛሬ ማን ጠየቀኝ?"

"ይኸው እኔ ጠየቅኩሽ።"

"የሳምንቱ ቀን ይቅደም፤ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ። ወሩ በቁጥር ሳይሆን በስሙ ይጻፍ፤ ስም ያለውን ነገር ለምን በቁጥር ትጠራዋለህ? ከጎኑ ደግሞ የእንቁላሉ ዕድሜ ተልቆ ይውጣ። እኔ ከበር ላይ ሆኜ ላነበው እፈልጋለሁ። የማን እንደሆነም ይጻፍ።"

ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ሁሉንም ቢሮው ሰበሰበ። እትዬ ሃያ አንድ በሩ አጠገብ ቆመች፤ ተቀመጪ ቢሏትም እምቢ አለች፤ ፍርድ የሚጠብቅ ሰው ወንበር አይመቸውም። ጫጩቶቹ ቦታ ማግኘታቸው ተነገረ። ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገና "ዋናው ነገር ግን ይህ እንዳይደገም አንድ ወጥ አጻጻፍ መምረጥ ነው" አለ። ያኔ ጉድ ፈላ። የሽያጯ ልጅ ቀን ይቅደም አለች፣ ደንበኛ በስልክ የሚናገረው እንደዚያ ነዋ። የእንስሳት ሐኪሙ ዓመት ይቅደም አለ፣ የክትባት መዝገቡ ሲደረደር ቅደም ተከተሉን ይጠብቅለታል። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ወር ይቅደም ባይ ነው፣ ሪፖርቱ በወር ነዋ። ሁሉም የራሱን ይዞ ጠረጴዛ መደብደብ ጀመረ።

ሽቦ እጁን አወጣ።

"አንድ መሆን ያለበት ውስጡ ነው" አለ። "ኮምፒዩተሩ በሆዱ የሚይዘው አንድ ቀን ነው፤ እሱ አይምታታም። ለየክፍሉ ግን እንደሚገባው አድርጎ ማሳየት ይችላል። ለሐኪሙ በዓመት፣ ለሽያጭ በቀን፣ ለእርስዎ በወር። ወሩ ሁሉም ጋ በስሙ ይጻፋል። ለማሽን ክፍሉ ደግሞ እትዬ ያለችው።"

"ይህን ማድረግ ከቻለ" አለች እትዬ ሃያ አንድ ከበሩ ላይ፣ "ለምን መጀመሪያውኑ አላደረግከውም?"

"ማን ጠይቆኝ?"

"ጥሩ ሰው ይመስላል እኮ ማሽንህ፤ በልቡ አንድ ነገር ይዞ ለሁሉም በሚገባው አፍ የሚናገር።"

ሐኪሙ ሳቀ። ሥራ አስኪያጁ ክራቫቱን አስተካከለ። "እና እኔስ?" አለችው ቀጥ ብላ። "ዛሬ ሰኞ ነው። በር ላይ ነው የምሆነው ወይስ ክፍሌ?"

"በክፍልዎ ይሁኑ" አለ ስክሪኑን እያየ። "ይህን ነገር... ሲሠራም እርስዎ ይዩት።"

እንግዲህ ለሁለት ዓመት ያህል በክፍሏ ቆየች። ስክሪኑ "ዓርብ" ይላል፣ ከጎኑ "አስራ ስምንተኛ ቀን" ይላል፣ ከሥሩ የባለቤቱን ስም ያወጣል። ልጅቷም ኮምፒዩተሩን ጠባየ ክፉ ማለቷን ተወች።

ከዚያ በኋላ ነው ሽቦ ሐይቅ ዳር ባለች ከተማ ውስጥ ለሌላ ማስፈልፈያ ኮምፒዩተር ሊያስገባ የተጠራው። እዚያም ቀን በምን መልክ ይታይ ብለው ሲጠይቁት "ይህን ጥያቄ እኔ አልመልስም፤ የምትመልስ ሴት አለች" አላቸው። ለሁለት ሳምንት ብለው ወሰዷት። ያ ማስፈልፈያ አስር ማሽን ነበረው፤ በሃያኛው ቀን ጆሮውን በር ላይ የሚያስጠጋ ግን አንድም ሰው አልነበረውም። የማን እንደሆነ እንኳ ሳይታወቅ ትእዛዝ ይገባል፣ ሳይታወቅ ይወጣል። ሁለቱ ሳምንት ሲያልቅ ለቀድሞው ሥራ አስኪያጅ በእህቷ በኩል ደብዳቤ ላከች፤ እንዲህ የሚል ነበር፦ "ከክፍሌ እንዳያስወጡኝ እፈራ ነበር። አሁን ራሴ ወጥቻለሁ። እዚህ ማሽን ክፍሉ ሰው የለውም።" ሥራ አስኪያጁ ሁለት ጊዜ ተመለሺልን ብሎ ሰው ልኳል ይባላል። እህትዮዋ አንድ ሳምንት አኩርፋ ከረመችና የክረምት ሹራቧን በአውቶቡስ ላከችላት።

የመጨረሻው ወሬዋ በደረሰ ጊዜ እትዬ ሃያ አንድ በዚያችው ሐይቅ ዳር ከተማ፣ በማስፈልፈያው ግቢ ውስጥ፣ ከማሽን ክፍሉ ቀጥሎ ባለች ባለ አንድ መስኮት ክፍል ትኖር ነበር።